ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

ወንድሜ ሙሉቀን ሲሞት ከሚሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የመጣልን ዕቃ አንድ ካርቶን እንኳን አልሞላም። አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ተጠቅልለው የተቀመጡ ሃያ ቁራጭ ወረቀቶች፣ እንቁላል የሚያህል አንድ የወንዝ ድንጋይ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ሹራብ። ካርቶኑን ይዘው የመጡት የቤቱ ባለቤት ድንጋዩን አንስተው ገለባበጡና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የጨዋታ ነው» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ጨዋታ የሚል ቃል ከአፌ በመውጣቱ አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ስለ ሙሉቀን ልጽፍ ስነሳ ስለ ራሴ እየሆነ ያስቸግረኛል። ስለዚህ የሚከብደውን አስቀድሜ ልናገር። ሙሉቀን በሞተበት ቀን ጠርቶኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራኝ። ሰምቻለሁ። አቤት አላልኩም። ይህን ለእናቴ ሳልነግራት አንድ ዓመት አለፈ። ለምን አቤት እንዳላልኩ ለመናገር ስለ ጨዋታው ማውራት አለብኝ። ስለ ጨዋታው ለማውራት ደግሞ ስለ እሱ።

ሙሉቀን በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ልጅ ሆኖ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ሄዶ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ፣ ተምሯል። ድምፁን የሰማ ሁሉ ይህ ልጅ የት ይደርስ ይሆን ይል እንደነበር እናቴ ትናገራለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ግን ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። አንዱን ሐረግ ሳይጨርስ ደረቱን ይዞ ይቀመጣል። ሐኪም ልቡ ነው አለ። መምህሩ፣ የኔታ፣ ራሳቸው እስከ ቤታችን፣ ንፋስ መውጫ ድረስ ይዘውት መጡና ለእናቴ አስረከቧት። «ለድምፅ ብዬ ልጅ አልገድልም» አሏት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሲያዜም ሰምቼው አላውቅም። እናቴ አንዳንድ ቀን ትለምነው ነበር።

«ትንሽ ብቻ፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ትንሽ የሚባል ድጓ የለም» ይላታል። ይስቃል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረ። የተማሪ ፈተና ያባዛል፤ ገበሬ ሲመጣ ማመልከቻ ይጽፋል። ከሥራው እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ሲወጣ ሦስት ቦታ ይቆማል። ሲቆም ግን የደከመው አይመስልም ነበር። በግ የሚነዳ ሰው ካገኘ «ስንት አልካት?» ብሎ ይጠይቃል። ባለበጉ ዋጋ ይናገራል፤ ሙሉቀን ጥርሷን ያያል፤ ወገቧን ይዳብሳል፤ ትንፋሹ ሲመለስለት «ይቅናህ» ብሎ ይሄዳል። ንፋስ መውጫ ውስጥ እንደ እሱ በግ ተከራክሮ አንድም ያልገዛ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ አብሬው ስሄድ ይህን መጠበቅ ይሰለቸኝና ጥዬው እቀድማለሁ። ይህንንም አልረሳውም።

ጨዋታውን ያገኘው በስልኩ ካነበበው ጽሑፍ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ነው። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «ፊት ለፊታችሁ ይህ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የሚያደርጉትን ይነግሩታል። ይሳካላቸው አይሳካላቸው እንደሆነ ዳይስ የሚባል ባለቁጥር ጠጠር ተጥሎ ይታወቃል። አሸናፊ የለውም።

«አሸናፊ ከሌለው ምኑን ጨዋታ ሆነ?» አልኩት።

«ተረት ነው። ሰሚው የሚገባበት ተረት።»

የሚያስፈራ ሊያደርገው ፈለገ። ተጫውተው ለማያውቁ ሰዎች፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ የሚያልቅ። ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጀ። በደብተሩ ላይ ለራሱ የጻፋቸውን አሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። «ለጀማሪ ሕግ አታብዛ፤ ሦስት ይበቃዋል።» «ራሱን ፈጥሮ እንዲመጣ አትጠብቅ፤ ማን እንደሆነ ጽፈህ ስጠው።» «ያልተነገረው ነው የሚያስፈራ።» «በአንድ ቁጭታ ይለቅ። ሰው ነገ ሥራ አለበት።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጽሕፈቴ ከእሱ ይሻላል ብሎ እያንዳንዱ ተጫዋች ማን እንደሆነ የሚነግረውን ወረቀት እንድጽፍለት ለመነኝ። ጻፍኩለት፤ ግን አፍርበት ነበር። «ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶህ» አልኩት አንድ ቀን።

«ለመፍራት አልደረስኩም?» አለኝ።

ጽሑፉ ብዙ ጎን ያለው ዳይስ ያስፈልጋል ይላል። እኛ ጋ አልተገኘም። ስለዚህ ሃያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፎ እንደ እቁብ ዕጣ ጠቀለላቸውና በወተት ጣሳ ውስጥ አደረጋቸው። ከሦስቱ ተጫዋቾች አንዱ ዲያቆን ፈንታሁን ነበር፤ ከሙሉቀን ጋር ቤተ ልሔም የተማረ። ጣሳውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ይኼ ነገር ቁማር አይደለም?»

«ሐዋርያው ማትያስ በምን ተመረጠ?» አለው ሙሉቀን።

ፈንታሁን አሰበ። «በዕጣ» አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

ሌሎቹ ሁለቱ ይርጋና ብርቱካን ነበሩ። ይርጋ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ዳገቱ ላይ ባየው ቁጥር ሙሉቀንን በነጻ የሚጭነው እሱ ነው። ብርቱካን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በአንድ እሑድ ሱቁን ዘግተው ሊሞክሩት ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ። ሙሉቀን መብራቱን አጠፋና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ። ቤቱ ባዶ ነው። በሩ ላይ ጥቁር ነገር ቆሟል። ፊት የለውም።

«ይርጋ፣ ምን ታደርጋለህ?»

«አማትባለሁ።»

«ብርቱካን?»

«እኔም አማትባለሁ።»

«ፈንታሁን?»

«እኔ ጠበል እረጫለሁ።»

«ጠበል ከየት አመጣህ?»

«ዲያቆን ነኝ እኮ። ከኪሴ አይጠፋም።»

«ታዲያ ምን ቀረ» አለ ይርጋ፤ «ሄደ በቃ። መብራቱን አብራው።»

አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ሙሉቀን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ሁለተኛው ማረፊያው ላይ ሲደርስ በግ ሳይጠይቅ ቆመና «ስህተቱ የኔ ነው» አለኝ። «ሰይጣን ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም። መድኃኒቱን ያውቁታል። እነሱ የሚፈሩት ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው የሚፈሩት?»

«ነውር። ባለጌ መባል። ሰው ቤት ገብቶ አላግባብ ሆኖ መገኘት። ሲጠሩ አለመመለስ።»

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለወጠው። ሦስት ሰዎች ከአርብ ገበያ ሲመለሱ ጉም ይይዛቸዋል። አንድ ቤት ያገኛሉ። እሳት ይነዳል፤ ማዕድ ቀርቧል፤ ሰው የለም። ከውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሚያውቁት ሰው ድምፅ በየስማቸው ይጠራቸዋል። እዚህ ላይ ትልልቆች የሚሉትን አስገባ፤ ክፉ ነገር ሦስት ጊዜ መጥራት አይችልም፤ ሦስተኛው የሥላሴ ነው። ስለዚህ ጥሪው ሦስት ሳይሞላ አቤት ያለ ሰው ከጨዋታው ይወጣል። በጨዋታው ሞተ ማለት ነው።

ሌላው ሕግ ድንጋዩ ነው። ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። ታሪኩ የከበደው ሰው ድንጋዩን ይነካል፤ ጨዋታው ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

«ወንድ ልጅ ፈርቶ ድንጋይ ይነካል?» አለ ይርጋ።

ሙሉቀን እጁን ዘርግቶ ነካው። «ይኸው ነካሁ። ምን ሆንኩ?»

አሁን ወደ ዕለቱ ልምጣ። ሐምሌ ነበር፤ ዓርብ። ጨዋታው እሑድ ሊሆን ነው። ሙሉቀን ጠዋት ሥራ አልገባም፤ ትንሽ ደክሞኛል ብሎ ነበር። እንዲህ ማለቱ አዲስ ስላልሆነ ማናችንም አልደነገጥንም። ደህና እንደሆነ እንድናምን ይሁን ወይም በእውነት ደህና ሆኖ፣ እኔን እያጠመደ ይጫወት ጀመር። ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ስሜን ጠርቶ «አዲሱ» ይላል። «አቤት» እላለሁ። «ሞትክ» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ ጠራኝ። እንደገና ሞትኩ። ሦስተኛ ጊዜ በእናታችን ድምፅ ጠራኝ። የሰው ድምፅ ማስመሰል ይችልበት ነበር። «አቤት፣ እማዬ» ብዬ ብድግ ስል በሩን ተደግፎ ይስቃል።

ተናደድኩ። «ከአሁን በኋላ ሰማይ ቢደፋ ሦስት ሳይሞላ አቤት ብልህ አዲሱ አይደለሁም» አልኩት።

«እናያለን» አለኝ።

ከምሳ በኋላ እናቴ የታመመ ጎረቤት ልትጠይቅ ወጣች። እሱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ጋደም አለ። እኔ በውጭኛው ክፍል የብርቱካንን ወረቀት እየጻፍኩ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። «አዲሱ» አለ።

ከንፈሬን ነከስኩ። አንድ፣ አልኩ በሆዴ።

«አዲሱ።»

ሁለተኛው ዝቅ ያለ ነበር። ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ይገርማል፣ እንዴት አድርጎ አስመሰለው ብዬ አደነቅኩት። ይህን በእውነት አስቤዋለሁ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ተንኮሉ ነው፣ ሊያስተኝ ነው ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ጻፍኩ። ጽሕፈቱ ያምራል። አንድም ስርዝ የለበትም።

ስገባ እጁ ከአልጋው ወርዶ ነበር።

በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ አግኝቼ ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኩት። ልቡ እንዲህ የነበረ ሰው፣ አጠገቡ የነበረው ሰው ቶሎ ደርሶለት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ አልኩት። «አንዳንዴ» አለኝ። ሌላም ብዙ ነገር ነግሮኛል፤ እኔ ጋ የቀረው ግን ይቺ ቃል ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሦስት ሳይሞላ እንደማልመልስ ነግሬዋለሁ። ሦስት መጥራት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር እናቴ ትናገራለች። «ውኃ አምጡልኝ ሳይል፣ ሳይጣራ፣ ማንንም ሳያስቸግር ሄደ ልጄ።» ሴቶቹ «ይህም መታደል ነው» ይሏታል። እሷም በዚህ ትጽናናለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። በሦስቱም ቀን፣ በአርባውም፣ በሙት ዓመቱም ይህንኑ አለች። ለነፍስ አባታችን ልናገር ሄጄ ሌላ ሌላ ኃጢአት ተናግሬ ተመለስኩ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ብርቱካን መጣች። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። እኔ የጻፍኩት ነው። ካርቶኑ ሲመጣ ውስጡ አልነበረም፤ በለቅሶው ሰሞን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ወስዳው ኖሯል።

«ያዘጋጀልንን ሳንጫወተው ቀረን» አለች። «አንተ ተርክልን።»

«አልችልበትም።»

«ደብተሩ አለ አይደል? አንብብልን።»

እንቢ የምልበት ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቱን ሳልናገር ግን እንቢ ማለት አልቻልኩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀመጥን፤ ባለቤቱ ፈቅደውልን ነው። ጣሳው፣ ድንጋዩ፣ ደብተሩ። የሙሉቀን ወንበር ላይ እኔ። እየተንተባተብኩ ጀመርኩ። ጉሙ መጣ፤ ቤቱ ተገኘ፤ ማዕዱ ቀርቧል አልኩ። ምን ታደርጋላችሁ?

ፈንታሁን «ባለቤቱ ሳይመጣ እጄን አልሰድም» አለ።

ይርጋ «ርቦናል እኮ» አለው።

«ቢርበንስ? በሰው ቤት?»

ደብተሩን አየሁ። በሙሉቀን እጅ እንዲህ ተጽፏል። «እዚህ ላይ አይበሉም። ፈንታሁን ባለቤቱ ይምጣ ይላል። አትቸኩል። ይጠብቁ፤ እየጠበቁ ይፈራሉ።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፈንታሁን ሳቀ፤ ከዚያ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ወሰደ።

ቀጥሎ የጥሪው ቦታ ነው። ደብተሩ «ጥራ። ከዚያ ዝም በል። ዝምታን ከየኔታ ተምረሃል፤ ተማሪ ሲሳሳት ምንም አይሉም፤ ያስፈራል» ይላል። ለራሱ የጻፈው ነው።

«ብርቱካን» ብዬ ጠራሁ።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ ይስቃል። ያን ፊት አወቅኩት። የኔ ነው።

«ብርቱካን።»

ሁለት ጣቷን ለይርጋ አሳየችው። ሦስቱም እኔን እያዩ ይጠብቃሉ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጠርቶ መልስ የሚያጣ ሰው ምን እንደሚሰማ ሰማሁ። ሦስተኛውን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እጄን ዘርግቼ ድንጋዩን ነካሁት።

ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሕጉ ነው። ይርጋ፣ ወንድ ልጅ ድንጋይ ይነካል ወይ ያለው ይርጋ፣ የጣሳውን ክዳን በቀስታ ገጠመው። ብርቱካን መብራቱን አበራች። ሊያደርሱኝ ፈለጉ፤ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳቸው። ዳገቱ ላይ ሦስት ቦታ ቆምኩ። አልደከመኝም ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ባቄላ ትለቅማለች።

«አለቀ ጨዋታችሁ?»

«አላለቀም።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ከአጥሩ ጀርባ ከጠራኝ ጀምሬ፣ በእሷ ድምፅ መጥራቱን፣ ሰማይ ቢደፋ ማለቴን፣ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መጻፌን። እጇ ባቄላው ላይ ቆመ። አላየችኝም።

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሳይጣራ ሄደ እያልኩ ለአገሩ ሁሉ ሳወራ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

ትመታኛለች ብዬ አሰብኩ። ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከባቄላው አንዷን ጠጠር ለየችና ወደ ግቢው ወረወረቻት።

«ድምፁ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ሲጠራህ። ያ የመጨረሻው ድምፁ ነው። እኔ አልሰማሁትም። አንተ ሰምተኸዋል።»

«እማዬ...»

«እንደጠራህ አድርገህ ጥራልኝ።»

የሰው ድምፅ ማስመሰል የሚችለው እሱ ነበር፤ እኔ አልችልም። ግን ያንን ጥሪ ዓመቱን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አዲሱ» አልኩ።

ሁለተኛውን እንዳደረገው ዝቅ አደረግኩት፤ ከሩቅ እንደሚመጣ።

«አዲሱ።»

እናቴ ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞረች።

«ወዬ» አለች።